አስራ አንድ ፖስታ

ነገ ማክሰኞ ነው።
ቦርሳዬን ገልብጬ አሸዋውን አራገፍሁ፤
የቀይዋን መኪና ጎማ ነፋሁና ለካሁ፣
ደግሜም ለካሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሳመላልስ በዚች ደሴት መንገድ፣
የመብራት ሂሳቡን፣ የሰርግ ጥሪውን፣ የሐኪም ቀጠሮውን ስወስድ፣
እጄ አያውቅም ነበር ከቶ ተንቀጥቅጦ፤
ዛሬ ግን፣ ገና በዋዜማው፣ ቁልፉ ሁለቴ ወደቀብኝ ሾልኮ።

ኢሽቤል ልጄ ፎቅ ላይ ናት። ወለሉ ይናገራል፤
አራት እርምጃ ወዲያ፣ አራት ወዲህ፣ ከዚያ ዝም ይላል፤
ዝምታው ይብሳል።
እራት ላይ "ብታልፊስ?" ብያት "ግላስጎ" ስትለኝ፣
"ባታልፊስ?" ልላት ነበረ፤
ቃሉ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።

ጧት ነፋሱ ተነሣ። መርከቧ ዘገየች።
የወደቡ ሰዎች "ዛሬስ አትመጣም" ብለው ሊበተኑ ሲሉ
አራት ሰዓት ላይ ከዝናቡ ውስጥ ታየች።
ከረጢቱን ፈታሁ።
አስራ አንድ ነጭ ፖስታ፤ አንዱ ካንዱ በክብደት የማይለይ።
አስራ አንደኛው ላይ ያለው አድራሻ የኔ፤
ማዕዘኑ ረጥቧል፤ ባሕሩ ነው ያረጠበው፣ አይደለም ዓይኔ።

መክፈት ይቻለኝ ነበር።
መንገድ ዳር አቁሜ፣ በጥፍሬ ጫፍ። ማን ያየኛል? በግና ነፋስ።
ግን መንገዱ ተራ አለው፤ ከወደቡ ይነሣል፣
የኛ ቤት መጨረሻ ነው፣ ከኮረብታው ራስ።

የቶርኪል ልጅ ባዶ እግሩን ቆሞ ነበር በዝናብ፤
ነጠቀኝ፣ ቀደደው፣ ሣቁ ተሰማ እስከ ወደብ።
ማርሳሊ አልወጣችም። እናቷ በመስኮት ተቀበለችኝ፤
"ተኝታለች" አለች። መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁ፤
አላየሁም አልሁኝ።
ሩአሪ ሳይከፍተው አጥፎ ቦት ጫማው ውስጥ ከተተ፤
"ወረቀት ይጠብቃል፣ በግ ግን ከጠፋ ጠፋ" አለኝና
የበረቱን በር ከፈተ።

እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ አንድ ፖስታ ጠብቄ ነበር።
አባቴ ተቀበለው። "ወድቃለች" አለ ለመንደር።
ትምህርት ቤቱ ባሕር ማዶ፤ ማን ሄዶ ይጠይቅ? አመንሁት፤
መረብ አደስሁለት፣ ዓሣ አጠብሁለት።
በተቀበረ በሳምንቱ መሳቢያውን ስጠርግ፣
ከመረብ መርፌውና ከቡሹ ሥር አገኘሁት።
አልፌ ነበር። በአምስቱም። ቆሜ ሦስቴ አነበብሁት።
ልቆጣው ፈለግሁ፤ ማንን ልቆጣ? መረቡን ሸጥሁት።

እጄ የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፤
መደበቅ እንዴት ቀላል እንደ ሆነ
እጄ ያውቀዋል፤ የአባቴ እጅ ነው።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ኢሽቤል የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጣለች።
"ፖስተኛ፣ የኔ አለ?" አለች።
"ስም?" አልኋት፣ እንደማላውቃት። ሙሉ ስሟን ነገረችኝ፤ ድምጿ ግን ሰለለ።
ሰጠኋት። ቀደደች። ከንፈሯ ቁጥር ቆጠረ፤
ዝናቡ ቆመ ብል ባማረ፤ አልቆመም፣ እንዲያውም ጨመረ።
"ሌላው ሆኗል" አለች። "ሒሳቡ አልሆነም።"
"ግላስጎስ?"
"ግላስጎ የትም አይሄድም።
የመርከቧ ሞተር ክፍል ለማጅ ይፈልጋሉ፤ ጠይቄያለሁ ባለፈው ሳምንት፤
ዓመት እሠራለሁ፣ ሒሳቡን ደግሜ እፈተናለሁ። ወይም…"
ወይም ምን? ልላት አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት።
"ወይም"ን እንዳለ ተውሁላት።

ወረቀቱን ዘረጋችልኝ፣ ጫፉ እየራሰ፣ "እማ፣ ያዥልኝ" አለች።
"አልይዝም" አልሁ፤
ቦርሳዬንም ዘጋሁ።
"አንቺው ያዥው።"